ብራናና የዕድር መዝገብ ፎቶ ሲነሳ ገጹ እንዳያብጥ ምን ይደረግ? (ሰሜን ሸዋ)

የመሐል ሜዳዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ያለሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። የደብራችን ሰበካ ጉባኤና የሰፈራችን ዕድር ተማክረው በእጃቸው ያለው ጽሑፍ ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ቅጂው እንዲቀመጥ ወሰኑ። ሥራው ለእኔና ካሜራ ለሚወዱ ተማሪዎቼ ተሰጠ። ፈቃዱ ከቤተ ክህነትም ከወረዳው ባህልና ቱሪዝምም በጽሑፍ አልቋል፤ ስለዚህ እሱን ትተን ስለ እጅ ሥራው ምከሩኝ።

የሚነሳው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ብራና ነው፦ ዳዊት፣ ገድል፣ ተአምረ ማርያም። ገበታቸው (ሽፋናቸው) እንጨት ነው፤ የዳዊቱ የፊት ገበታ ተሰንጥቆ ዱሮ በጅማት ተሰፍቷል። ሁለተኛው የዕድሩ መዝገቦች ናቸው፤ ሽፋናቸው ወፍራም ካርቶን፣ ጀርባቸው በሙጫ የተያዘ። ሦስተኛው ከየቤቱ የመጣ ልቅ ወረቀት ነው፦ የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ውል፣ ደብዳቤ። አብዛኛው ተጣጥፎ በሣጥን የኖረ ነው፤ አንዳንዱ በስፒል ተያይዞ ስፒሉ ዝጓል።

ችግሩ ገጹ ቀጥ ብሎ አለመተኛቱ ነው። መዝገቡ ሲከፈት ገጹ ወደ ስፌቱ ሲጠጋ ያብጥና መስመሩ ይጎብጣል። የተዋጣው ብር የተጻፈው ደግሞ እዚያው ስፌቱ ጥግ ስለሆነ በፎቶው አይነበብም። ብራናው ሌላ ጣጣ ነው፤ አንዱ ጥግ ሲተኛ ሌላው ይነሳል። መስታወት ቢጫንበት ያንጸባርቃል። ያለን ዕቃ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከ18-55 ሌንስ ጋር፣ ትራይፖድ፣ ስልክና ሁለት የጠረጴዛ መብራት ነው።

ፎቶ ቤት ጠባሴ

መምህርት፣ እንኳን ጠየቅሽ። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤት አለኝ፤ የቤት ካርታና የቆየ ፎቶ መልሶ ማንሳት የዘወትር ሥራዬ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ገጹን ከመጫንሽ በፊት ካሜራው ራሱ ቀጥ ማለቱን አረጋግጪ። ብዙ ሰው ገጹ ተጣመመ የሚለው ካሜራው አጋድሎ ሳለ ነው። ውሃ ልክ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ልክ የሚነግርሽ ካሜራው ከምድር ጋር መስተካከሉን እንጂ ከገጹ ጋር መስተካከሉን አይደለም። ከእሱ የሚበልጠው የመስታወት ዘዴ ነው። ትንሽ የፊት መስታወት ገጹ በሚተኛበት ቦታ ላይ አስተኚ። በካሜራው ስታዪ የራሱ የሌንሱ ዓይን ልክ ከፎቶው መሐል ላይ ካረፈ ካሜራውና ገጹ ትይዩ ናቸው። ወደ ጎን ከሸሸ የትራይፖዱን አንገት እያዞርሽ መሐል አምጪው። መጽሐፉ በተነቃነቀ ቁጥር ይህን ድገሚ።

ቀጥሎ ርቀት። ሌንሱን 55 ላይ አድርጊና ራቅ በዪ። 30 ሳንቲ ቁመት ያለው ገጽ ከሆነ ካሜራው ከገጹ 80 ሳንቲ ያህል ይርቃል። ይህ ዋና ነገር ነው፤ ከ80 ሳንቲ ላይ ሲነሳ 2 ሳንቲ ያበጠ ቦታ ከቀረው ገጽ በ2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ነው ተልቆ የሚታየው። ስልክ ይዘሽ 30 ሳንቲ ድረስ ከተጠጋሽ ያው እብጠት ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። መስመሩ ጎበጠ የምትይው ግማሹ ከዚህ ነው። በስልክ መሥራት ግድ ከሆነም ሰፊውን ሌንስ ተዪና በዋናው ወይም በ2 እጥፉ ተጠቀሚ።

አይሶ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ፍላሽ የለም። በዚህ ልክ 2 ሳንቲ የከፍታ ልዩነት ቢኖር እንኳ ሁሉም ፎከስ ውስጥ ይገባል። የካሜራውን ቁልፍ በጣት አትጫኚው፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሚ።

አሁን መስታወት። ከመስታወት ቤት ጥርት ያለ 4 ሚሊ መስታወት ከገጹ በየአቅጣጫው ሰፋ አድርገሽ አስቆርጪ፤ ጠርዙን በደንብ ይሞርዱልሽ። ከመጽሐፉ ሥር የሶፋ ስፖንጅ አንጥፊ። መስታወቱ ከላይ ሲያርፍ ስፖንጁ ከሥር እየሰጠ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ጎን እኩል ያደርገዋል። ነጸብራቁን የሚያመጣው የመብራቱ አቀማመጥ ነው። ሁለቱን መብራት ከግራና ከቀኝ 45 ዲግሪ ላይ አቁሚ፤ የጣሪያውን አጥፊ፤ መስኮቱን ጋርጂ። መስታወቱ ላይ ካሜራው ራሱ ከታየ ጥቁር ካርቶን በሌንሱ ልክ ቀድደሽ ሌንሱን አሾልኪበት፤ ካርቶኑ ካሜራውንም እጅሽንም ይሸፍናል።

መሪጌታ ከሞረት

ልጄ፣ የሚያስመሰግን ሥራ ይዘሻል። ወንድማችን ስለ መዝገቡ ያለውን እቀበላለሁ። ብራናው ላይ ግን መስታወት እንዳታሳርፊ።

የብራና ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ላይ ላዩን ይቀመጣል እንጂ እንደ ወረቀት ቀለም ወደ ውስጥ አይሰርግም። የተነሳውን ቅጠል በመስታወት ብትጨፈልቂው ቀለሙ ይፈረፈራል፤ ሥዕል ያለበት ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ያወጣል። ሲጠጣም ሲያወጣም አንዱ ጎን ከሌላው እኩል ስለማይሄድ ይነሳል። በጉልበት የሚቀና ነገር አይደለም።

ስፌቱንም እዪው። የእኛ መጽሐፍ ጥራዝ (አብረው የታጠፉ ቅጠሎች) ከጥራዝ በሰንሰለት ስፌት ተያይዞ ክሩ በገበታው ቀዳዳ ይገባል። ጀርባው ላይ እንደ ፋብሪካ መዝገብ ሙጫ ስለሌለው እሺ ብሎ ይከፈታል። እሺ ማለቱ ያታልላል፤ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም ገበታ አስተኝተሽ ስትዘረጊው ሸክሙ ሁሉ ክሩ ላይና ክሩ በገባበት ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ገበታ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እዚያው ቀዳዳው መስመር ላይ ነው። የእናንተ ዳዊት ገበታ በጅማት ተሰፍቶ ከሆነ አንድ ጊዜ ይህ ደርሶበታል ማለት ነው። ስለዚህ ከግማሽ ትንሽ አልፎ ይከፈት፤ ገበታው በአየር ላይ አይንጠልጠል፤ ሥሩ ድጋፍ ይግባበት።

ቅጠል የሚገልጠው አንድ ሰው ይሁን፤ ካሜራ የሚነካው ሌላ። ገላጩ እጁን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያድርቅ፤ ቅባት የተቀባ እጅ አይጠጋ። ቅጠሉ የሚገለጠው ከላይኛው ጥግ መዳፍን ከሥሩ አስገብቶ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ የምታዪው ጥቁረት የስንት ዘመን ጣት ነው፤ እዚያ ቆዳው ሳስቷል። ሥዕሉ ላይ ስስ የጨርቅ መጋረጃ ተሰፍቶ ታገኚ ይሆናል። እንዳትፈቺው፤ መጋረጃው እንዳለ አንድ አንሺ፣ ወደ ላይ ገልጠሽ ሁለተኛ አንሺ።

ፎቶ ቤት ጠባሴ

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ ቀለሙ ያሉትን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። መስታወት ካልነካው፣ ጥግ ጥጉ የሚነሳው ቅጠል በምን ይያዝ? ዝም ብለን ብናነሳው የመጨረሻው መስመር ተጠቅልሎ አይታይም።

መሪጌታ ከሞረት

በጣት ይያዛል። ጽሑፍ የሌለበትን ዳር ዳሩን ብቻ፣ ጣትን አሳርፎ እንጂ ተጭኖ አይደለም። እኛ ስናነብም የምንይዘው እንዲሁ ነው።

የመዝገብ ቤት ሰው

የእነዋሪ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ በመዝገብና በቆየ ጽሑፍ ዙሪያ ነው። የኔታ ያሉት ሙያው የሚያዝዘው ነው። ጣት በፎቶው ዳር ቢታይ ነውር የለበትም፤ የሚነበበው ጽሑፉ ነው። ጣት ከከበደ ከቀርከሃ ቀጭን ዘንግ ጥረቡ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪልም ፈግፍጋችሁ በሁለት ጫፉ ዳሩን ያዙበት። እንደ ጣት ወፍራም የሆነ የጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ብትሞሉትም ይሠራል፤ በገጹ ዳር አጋድማችሁ ታሳርፉታላችሁ። እህል ግን አትሙሉበት፤ ነቀዝና አይጥ ይጠራል። ያልዛገ ትንንሽ የብረት ኳስ ወይም ቡሎን ሙሉበት፤ ጨርቁም ቀለም የማይለቅ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መምህርት፣ ጥያቄሽን ትንሽ ልገልብጠው። ቀጥ ማለት ያለበት ፎቶው ነው እንጂ መጽሐፉ በሞላ አይደለም። በአንድ ጊዜ የምታነሺው አንድ ገጽ ነው፤ ያ አንዱ ገጽ ብቻ ከካሜራው ጋር ትይዩ ይሁን፣ ቀሪው መጽሐፍ ባለበት ተደግፎ ይረፍ። ግራና ቀኙን በአንድ ፎቶ ልያዝ ማለት ነው መጽሐፍ የሚያሰብረው። ለጥራቱም አይበጅም። 6000 ፒክስል ቁመት ያለው ካሜራሽ 30 ሳንቲ ገጽ ሲሞላበት በኢንች 500 ፒክስል ገደማ ይሰጥሻል፤ ለጽሑፍ 300 ከበቂ በላይ ነው ቢባል እንኳ ለብራናና ለሐረግ (በገጹ ላይ ለሚሳለው ጌጥ) 400ም 500ም ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለቱን ገጽ አብረሽ ካነሳሽ ያ ሁሉ ይቀንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀኙ ገበታ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ የግራው ገበታ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ላይ ቆሞ በተዘጋጀለት ደገፋ ላይ ይረፍ። ካሜራው ቀጥ ብሎ ወደ ታች የቀኙን ገጽ ያያል። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው የቀኙን ገጽ ብቻ እያነሳሽ ሂጂ። ከዚያ መጽሐፉን አዙረሽ የግራውን ገጽ ብቻ እንደዚሁ ጨርሺ። በሁለት የተለያየ ፎልደር ይቀመጡ፤ የሁለቱ ቁጥር እኩል ካልሆነ አንድ ቅጠል ተዘሏል ማለት ነው፤ መጽሐፉ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ያን ፈልጊ።

እየገለጥሽ ስትሄጂ የቀኙ ክምር ይሳሳል፤ የሚነሳው ገጽም ዝቅ ይላል። አንድ ጥራዝ ባለቀ ቁጥር ከቀኙ ገበታ ሥር አንድ አንድ ካርቶን ጨምሪና ከፍታውን መልሺው። ካሜራውን አትንኪው። ብራናው ስስ ሆኖ የጀርባው ጽሑፍ ካሳየ ከሚነሳው ቅጠል ሥር ጥቁር ወረቀት አስገቢ፤ ጥቁረቱ የጀርባውን ጽሑፍ ይውጠዋል። በየመጽሐፉ መጀመሪያ ማስመሪያና ካለ የቀለም ካርድ ከገጹ ጎን አስቀምጠሽ አንድ ፎቶ አንሺ።

ባዶ ገጽ የሚባል የለም። ሽፋኑን፣ ጀርባውን፣ ገበታውን ከውስጥ፣ ማኅደሩንም (የመጽሐፉን መያዣ) አንሺ። በእኛ አገር መጽሐፍ ዳርና ባዶ ቅጠል ላይ የርስት ሽያጭ፣ የስጦታ ቃል፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ለመንዝ ታሪክ አንዳንዱ ከመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ የማይተናነስ ነው። ዳዊቱን ስትጨርሺ ደግሞ ቁጠሪው፦ መዝሙሩ፣ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንቀጸ ብርሃን። መጨረሻው ላይ ውዳሴ ማርያሙ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ስለሚጻፍ ስታልፊው ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀርጿል፤ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትም በብዛት አሉበት። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግ የዚያ ውጤት ነው። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ከጥቁሩ አይለይም፣ ሐረጉም ደብዝዟል። ስለዚህ "ዱሮ ተነስቷል" የሚላችሁ ቢኖርም የእናንተ የቀለም ፎቶ ትርፍ ሥራ አይደለም።

አናጺው ደብረ ሲና

ደገፋውን ልንገራችሁ፤ ቀላል ነው። ሁለት ጣውላ፣ እያንዳንዱ 45 በ40 ሳንቲ፣ በሁለት ማጠፊያ ይያያዙ። አንዱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፤ ሌላው ይቆማል። ከቆመው ጀርባ የሚገፋና የሚሳብ እግር አድርጉለትና የሚፈለገው ዲግሪ ላይ በጥፍር ብሎን ይያዝ። ማጠፊያው ጋ ሁለቱ ጣውላ እንዳይገጥሙ፤ 4 ሳንቲ ክፍተት ተዉ። የመጽሐፉ ጀርባ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል እንጂ አይጨፈለቅም። ለወፍራም ተአምረ ማርያም ክፍተቱ መስፋት ስላለበት ማጠፊያው የሚታሰርበትን ቀዳዳ ረዘም አድርጋችሁ ብሱት፤ እንደ መጽሐፉ ይጠባል፣ ይሰፋል።

ጣውላው በብርጭቆ ወረቀት ይላግ፤ ቫርኒሽ ከተቀባ ሽታው እስኪጠፋ ይቆይ። ላዩን በታጠበ አቡጀዲ ሸፍኑት። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከሥሩ ብታደርጉ ለገበታው ምቹ ነው፤ ግን ብርድ ልብሱ እንዳይታይ፣ ብናኙ ብራና ላይ ይቀመጣል።

ከዓለም ከተማ

ስለ ብራናው ዝም እላለሁ። የዕድሩ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጀርባውን በመቁረጫ ቆርጦ ወረቀቱን በሚስብ ስካነር ማሳለፍ ነው። ፍጹም ቀጥ ያለ ምስል ታገኛላችሁ፤ መዝገቡ ከሰዓት በፊት ያልቃል። ከዚያ መልሶ ማስጠረዝ ይቻላል።

የዕድር ጸሐፊ እነዋሪ

ወንድሜ ከዓለም ከተማ፣ ፍጥነቱን አይተህ ነው ያልከው፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዕድር መዝገብ ማስረጃ ነው። አባል ሞቶ ልጆቹ "አባታችን ከፍሏል፣ አልከፈለም" ሲባባሉ የሚዳኘው ይህ መዝገብ ነው። ማስረጃ የሚያደርገው አንዱ ነገር ገጹ ከገጹ ጋር ተሰፍቶ መኖሩ ነው፤ ከመሐል ቅጠል አልወጣም፣ አልገባም የሚባለው ስፌቱ ስላልተነካ ነው። ጀርባው የተቆረጠ መዝገብ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ "ማን አወቀ?" ይባላል። ጠርዙ ሲቆረጥ ደግሞ ስፌቱ ጥግ ያለው የብር መጠን አብሮ ይሄዳል፤ መምህርት የማይነበብ ያለችው እሱኑ ነው።

ከዓለም ከተማ

የብሩ ነገር አላየሁትም ነበር። ልክ ነህ፤ ቃሌን አንስቻለሁ። ስካነሩ ለልቅ ወረቀት ካስፈለጋችሁ ግን ወስዳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

የመዝገብ ቤት ሰው

ስለ ልቅ ወረቀቱ ከሆነ፣ ወረቀት ስቦ የሚያስገባ ስካነር ለታጠፈና ለሳሳ ደረሰኝ አይሆንም፤ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ይቀደዳል። ክዳኑ የሚነሳ፣ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ የሚተኛበት ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ለሆነው ወረቀት ተጠቀሙበት።

ለመዝገቡ የጠባሴው ወንድማችን መስታወትና ስፖንጅ ይሠራል፤ ግን ስፌቱ ጥግ ያለውን ቁጥር መስታወት ብቻውን አያወጣውም። መዝገቡንም በአናጺው ደገፋ ላይ አድርጊውና አንዱን ገጽ ብቻ አስተኚ። ከዚያ መስታወቱን በገጹ ልክ አስቆርጪ፤ አንዱ ጠርዝ እስከ ስፌቱ ድረስ ይግባ። የመስታወቱ ጠርዝ ያበጠውን ገጽ ከሥሩ ያስተኛዋል፤ የቆመው ጎን ስለማይጋፋው ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ያኔ የብሩ ዓምድ ይታያል። ፕላስቲክ መስታወት የሚሉትን አልመክርም። ይፋቃል፤ በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይይዝና ከገጹ ላይ የእርሳስ ብናኝና የላላ ቀለም ይስባል።

አንኮበሬዋ

ስለ ታጠፈው ወረቀት እኔ ልጠይቅ፣ ከአባቴ ሣጥን የወጣ አለኝ። ካውያ በስሱ ሞቆ በጨርቅ ላይ ቢደረግበት ይጎዳዋል?

የመዝገብ ቤት ሰው

እህቴ፣ ካውያ አይነካው። ለብራና ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ ቆዳ ነውና በሙቀት ይኮማተራል፣ የተኮማተረ ብራና አይመለስም። ወረቀቱን በካውያ ብታስተኚው እጥፋቱ የቆመበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ውሃም አትርጪበት። በዚያ ዘመን ብዙ ደረሰኝ የተሞላው ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ሆኖ በሚፈስስ እርሳስ ነው፤ ማኅተሙም እንደዚያው። አንድ ጠብታ የስም ቦታውን ያጠፋዋል።

ጊዜ ስጪው። ወረቀቱን በጣትሽ ሆድ ዘርጊው፤ ጥፍር አይነካው። ከሥርም ከላይም ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርገሽ ለስላሳ ጣውላ ጫኚበት፤ በጣውላው ላይ መጽሐፍ ደርቢበት። ሳምንት ይቆይ። እጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ለፎቶ ይበቃል፤ በዚያ ላይ ደረቅ ወረቀት ስለሆነ መስታወት ያርፍበታል። የዛገው ስፒል እንዲሁ አይሳብ፤ ዝገቱ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ከሁለቱም ጎን ቀጭን ጠንካራ ፕላስቲክ ከስፒሉ ሥር አስገብተሽ ዝገቱን አላቅቂ፤ ከዚያ ስፒሉ ወደ መጣበት ይመለስ። ከየትኛው ወረቀት ጋር እንደተያያዘ ሳይፈታ አንድ ፎቶ ይነሳ። ተቀዶ ቢያገኙትም ፕላስተር አይለጠፍበት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

የመሐል ሜዳዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የኔታ፣ ከላይኛው ጥግ መግለጥ ያሉትን ለተማሪዎቼ በአሮጌ ደብተር አለማምዳቸዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። መጽሐፎቹ የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ የምንሠራበት ክፍል ፀሐይ ይገባዋል። ይህ ለብራናው ምን ያመጣል? ሁለተኛ፣ በሶፍትዌር መስመሩን ማቅናት ይቻላል ይባላል፤ እሱን ተማምነን ገጹ ትንሽ ቢያብጥ እንለፈው?

የሸዋ ሮቢት ልጅ

ሶፍትዌሩን ልመልስ። ስካን ቴይለር የሚባል በነጻ የሚገኝ አለ። ገጹን ይቆርጣል፣ ያጋደለውን ያቀናል፣ የጎበጠውን መስመር ተከትሎ ይዘረጋዋል። ለዕድር መዝገብ ጥሩ ነው፤ መስመሩ የታተመ ስለሆነ የሚከተለው ነገር ያገኛል። ለብራና አልወደውም። ብራናው በአንድ አቅጣጫ ሳይሆን እዚህም እዚያም ስለሚነሳ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ይለጥጠዋል፤ የእጅ ጽሑፍ ዘመኑን በፊደል ቅርጽ ለሚለይ ሰው ያ ፎቶ አሳሳች ይሆናል።

በየትኛውም ቢሆን ዋናው ፎቶ እንደተነሳ ይቀመጥ፤ ካሜራሽ ሮው (ያልተነካካ ጥሬ ምስል) የሚያስቀምጥ ከሆነ ሮውን አብሪው። የተስተካከለው ሌላ ፎልደር ውስጥ ይግባ። በስልክ ያሉት የዶክመንት መቃኛ አፖች ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሁኑ። ገጹን ነጭ ለማድረግ ሲሉ የደበዘዘውን ቀይ ቀለም፣ የተፋቀውን፣ ዳር ላይ በስሱ የተጻፈውን አብረው ያጠፉታል። ስፌቱ ጥግ ተደብቆ ያልተነሳን ቁጥር ግን የትኛውም ሶፍትዌር አያመጣውም፤ ስለዚህ እሱን ተማምነሽ አትለፊ።

ስለ ቅዝቃዜው የካሜራውን እኔ ላንሳ። ከጣርማ በር ጉም ወርጄ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስገባ ሌንሱ በአንዴ በእንፋሎት ይሸፈናል። ቀዝቃዛ ዕቃ ሞቃት አየር ሲነካው ይህ ይመጣል። ካሜራውን በፌስታል አሥራችሁ አምጡት፤ ክፍሉን እስኪለምድ አይፈታ።

መሪጌታ ከሞረት

ለመጽሐፉም እንዲሁ ነው። ከዕቃ ቤት ሲወጣ በማኅደሩ እንዳለ በምትሠሩበት ክፍል ይደር፤ በነጋው ይፈታ። ድንገት ከብርድ ወጥቶ ፀሐይ የመታው ብራና ዓይናችሁ እያየ ይነሳል። የታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን አየሩ ስለሚደርቅ ቅጠሉ ደርቆ እንቢ ይላል፤ በክረምት ደግሞ ይለሰልሳል፣ ሻጋታ ግን ያሰጋል። ፀሐዩን በመጋረጃ ጋርዱት። ጧፍም ከሰልም ክፍሉ ውስጥ አይግባ። አንድ ቅጠል እንቢ ካለ ተዉት፤ ቀሪውን አንሱና ሌላ ቀን ተመለሱበት።

ፎቶ ቤት ጠባሴ

መብራቱ ራሱ ሙቀት እንዳያመጣ ኤልኢዲ ይሁን፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ነጭ። አንዱ ቢጫ አንዱ ነጭ ከሆነ የብራናው መልክ ለሁለት ይከፈላል። መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን እንቀጥል ብላችሁ መሐል ላይ አትቀይሩ፤ ጥራዙን ጨርሳችሁ ቁሙ።

አንኮበሬዋ

ይቅርታ፣ አንድ ልጨምር። ከአባቴ ሣጥን የወጣ የብራና ክታብም አለ። እንደ ጥቅልል ነው፣ ጠባብና ረጅም፤ ሲለቁት ተመልሶ ይጠቀለላል። እሱስ በምን ይያዝ?

የመዝገብ ቤት ሰው

ሙሉውን አትዘርጊው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጫፍ እንደተጠቀለሉ ተዪያቸው፤ መሐሉ ላይ 25 ወይም 30 ሳንቲ ብቻ ይከፈት። በግራና በቀኝ ጠርዙ ላይ ያን የጨርቅ ከረጢት አጋድሚበት፤ የተጠቀለሉት ሁለት ጫፎችም እንዳይንከባለሉ ከኋላቸው የተጠቀለለ ፎጣ አስጠጊ። አንድ ካነሳሽ በኋላ ካሜራው ሳይነካ ክታቡን ወደ ላይ ሳቢው፤ የቀደመው ፎቶ የመጨረሻ አራትና አምስት መስመር በአዲሱ ፎቶ ላይ ደግሞ ይታይ። ያኔ ቅደም ተከተሉ አይምታታም፤ በኋላ ለማጋጠምም ይመቻል። ጫፎቹ ላይ ቆዳ ወይም ክር ካለ አብሮ ይነሳ፤ ጀርባውንም አገላብጠሽ እዪው።

እዚህ መድረክ ላይ ግን ፎቶውንም የተቀመጠበትንም ቦታ አትለጥፉ፤ መምህርት፣ አንቺም እንዲሁ። ቅርስ ፈልጎ የሚዞር ሌባ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ቢሆንም ሌባው ከአዋጁ ይቀድማል። አንድ ቅጂ ለደብሩ፣ አንድ ለወረዳው ቤተ ክህነት በሃርድ ዲስክ ይሰጥ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት አይቀመጡ።

የመሐል ሜዳዋ መምህርት

ገባኝ። ከዕድሩ መዝገብ እንጀምራለን፤ ልጆቹ እጃቸው ሲለምድ ወደ ዳዊቱ እናልፋለን። አናጺው ወንድሜ፣ የደገፋውን እግር ርዝመት በሳንቲ ብትጽፍልኝ እዚህ ላለው አናጺ አሳየዋለሁ።

አናጺው ደብረ ሲና

35 ሳንቲ ይበቃል። የቆመው ጣውላ ጀርባ ላይ፣ ከላይ 10 ሳንቲ ወርዶ ይታሰር።